«አልበርም» ማለትም ሕይወት ያድናል

የቶሮንቶን መሃል ከተማ የለመደ ሰው የአየር አምቡላንሷን ድምፅ ያውቃል። ብርቱካናማዋ ሄሊኮፕተር መጥታ የሕፃናቱ ሆስፒታል የሲክ ኪድስ ወይም የሴንት ማይክልስ ጣሪያ ላይ ታርፋለች። ከኦንታሪዮ ሐይቅ ጉም ተነስቶ ፎቆቹን ሲውጥ ግን ሰማዩ ጭር ይላል። «ታማሚ እየጠበቀ እንዴት አይበሩም?» የሚል አይጠፋም። እኔ አብራሪ አይደለሁም። የአደጋ ምርመራ ሪፖርቶችን ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ፦ በእንዲህ ያለ ቀን «አልበርም» ያለ አብራሪም ሕይወት አድኗል።

ሄሊኮፕተር በሁለት መንገድ ይበራል። አንዱ በመሣሪያ፣ ሌላው በዓይን፣ ማለትም አድማሱን፣ መንገዱንና ወንዙን እያዩ ነው። ጉዱ የሚፈላው በዓይን የተጀመረ በረራ ጉም ውስጥ ሲገባ ነው። አድማስ ሲጠፋ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሯችን ይዋሻል፤ ቀስ ብሎ እየታጠፈ ያለ ሰው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1954 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በመሣሪያ መብረር ያልሠለጠኑ 20 አብራሪዎችን በአውሮፕላን ፈትኖ ነበር። ሃያዎቹም መቆጣጠር አቃታቸው፤ በአማካይ በ178 ሰከንድ!

ልምድ ያድናል እንዳንል ደግሞ የኮቢ ብራያንት አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 ካላባሳስ ላይ ዘጠኝ ሰው ሲያልቅ፣ አብራሪው ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ነበር። ሄሊኮፕተሩ ወደ መሬት እየወረደ ሳለ እሱ ለመቆጣጠሪያው ከፍታ እየጨመርኩ ነው ይል ነበር። የአሜሪካ መርማሪዎች «ኮቢ አስገደደው» የሚል ነገር አላገኙም። ያዩት አብራሪው ራሱ በራሱ ላይ የጫነውን ጫናና «ከጀመርኩ ልጨርሰው» የሚል ግፊት ነው። እኛ ይሄንን በደንብ እናውቀዋለን፤ ስሙም ይሉኝታ ነው።

ወደ ኦንታሪዮ ልመለስ። እ.ኤ.አ. ሜይ 31 ቀን 2013 እኩለ ሌሊት እንዳለፈ፣ የኦርንጅ የአየር አምቡላንስ ሄሊኮፕተር ታማሚ ለማምጣት ከሙሶኒ ወደ አታዋፒስካት ተነሳች። እዚህ ዓይን የጋረደው ጨለማ ነው፤ ከማረፊያው ወዲያ መብራት የለም። መታጠፍ በጀመረች በ23 ሰከንድ መሬት መታች። ሁለት አብራሪዎችና ሁለት የሕክምና ባለሙያዎች ሞቱ። የካናዳ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ በ2016 ሪፖርቱ ጥፋቱን ሁለቱ አብራሪዎች ላይ ብቻ አልጣለም። ሥልጠናውን፣ የአብራሪዎች ምደባውን፣ የመንግሥትን ቁጥጥርና «በዓይን መብረር» ሲባል በሌሊት ምን መታየት እንዳለበት በግልጽ የማይናገረውን ደንብ ጭምር ተችቶ 14 ምክረ ሐሳብ አቀረበ።

ስለዚህ ነገሩ የድፍረት ጉዳይ አይደለም፣ የአሠራር ጉዳይ ነው። ውሳኔው ከሞተሩ መነሳት በፊት ማለቅ አለበት፦ የእይታው ርቀትና የደመናው ከፍታ ከዚህ ከወረደ እመለሳለሁ፣ በቃ። ብዙ የአየር አምቡላንሶች አብራሪው የአየሩን ሁኔታ ገምግሞ እስኪወስን ድረስ ታማሚው ሕፃን ይሁን አዛውንት አይነግሩትም። ጭካኔ ይመስላል፤ ግን ኀዘኔታ ጉሙን አይገልጠውም። ከሠራተኞቹ አንዱ «አልተመቸኝም» ካለም በረራው ይቀራል፣ ለምን ተብሎ አይወቀስም።

ሄሊኮፕተር ደግሞ አውሮፕላን የሌለው ዕድል አላት፦ ሜዳ ላይ ማረፍ ትችላለች። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ አስተዋይ ሹፌር ዳር ይዞ ይጠብቃል እንጂ «ደብረ ሲና ቀርቦ ነበር» አይልም። አብራሪውም እንዲሁ እንዲያደርግ ከፈለግን፣ ሜዳ ላይ አርፎ ዘግይቶ ሲደርስ የሚጠብቀው ግልምጫ ሳይሆን ምስጋና መሆን አለበት።

በሚቀጥለው ጊዜ ጉም ከተማውን ሲሸፍንና ሰማዩ ጭር ሲል አንማረር። የሆነ ቦታ አንድ ሰው ይሉኝታውን አሸንፎ ይሆናል።