ሰዳቢ ሐያሲ አምጡልኝ

የእህቴ ልጅ ሰሞኑን በቴሌግራም አንድ ዘፈን ላከልኝና «ጋሼ፣ ይቺን አዲስ ነገር ስማት» አለኝ። ከፈትኩት። ስሎውዳይቭ የሚባለው የእንግሊዝ ባንድ! ያውም ሱቭላኪ ከሚባለው አልበማቸው። እሱ ሳይወለድ ተገንዘው የተቀበሩ ልጆች ናቸው። ቀባሪዎቹንም ከጽሑፋቸው አውቃቸዋለሁ። ከለንደን ይመላለስ የነበረ አንድ ወዳጄ ብርጭቆና ሳህኑን የሚጠቀልለው በሜሎዲ ሜከር ጋዜጣ ስለነበር፣ ዕቃው ሲፈታ ሌላው ብርጭቆውን ሲያነሳ እኔ መጠቅለያውን እሰበስብ ነበር። እንግዲህ ዘፈን ጋዜጣን ሲረታ ማየት ለጋዜጣ ጸሐፊም ቢሆን ደስ ይላል።

በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) እንግሊዝ ውስጥ ኤን ኤም ኢ፣ ሜሎዲ ሜከርና ሳውንድስ የሚባሉ ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጦች አንባቢ ይሻሙ ነበር። ሁሉም በየሳምንቱ ገጽ መሙላት አለባቸው፤ ሁሉም ከሌላው ቀድመው «አገኘን» ማለት ይፈልጋሉ። አዲስ ሙዚቃ ግን በየሳምንቱ አይወለድም። ስለዚህ አዋላጅ መሆኑ ቀርቶ ራሳቸው ይወልዱት ጀመር። ኤን ኤም ኢ በ1986 የ22 ባንዶችን ሥራ በአንድ ካሴት አሰባስቦ ሲ86 አለው፤ ውሎ ሳያድር ያ የካሴት ስም የሙዚቃ ዓይነት ስም ሆኖ ቁጭ አለ።

ቀጥሎ የጊታራቸውን ድምፅ እግራቸው ሥር በደረደሩት ፔዳል እያወፈሩ ጭጋግ የሚያስመስሉት ባንዶች መጡ። ፔዳል የሚረግጥ ሰው ቁልቁል ማየቱ ግድ ነው። ጋዜጦቹ ግን ጫማቸው ላይ አፍጥጠዋል ብለው ተሳለቁባቸው፤ ሹጌዝ የሚባለው ስልት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሹፈት ነው። ሜሎዲ ሜከር ደግሞ አንዱ ባንድ በሌላው ኮንሰርት ላይ ተገኝቶ ስለሚጠጣ፣ ራሱን በራሱ የሚያወድስ መንደር ሲል ለጠፈባቸው። እኛ አገር አንዱ የሌላውን ሥራ ሄዶ ቢያይ ሊሸለም ነው የሚገባው!

ከነዚህ ባንዶች አንዱ የሆኑት ስሎውዳይቭ የሬዲንግ ከተማ ልጆች ናቸው። የመጀመሪያ ሥራዎቻቸው ሲወጡ ጋዜጦቹ አነገሧቸው። በመስከረም 1991 ኒርቫና የተባለው ባንድ ኔቨርማይንድ የተሰኘ አልበም ሲያወጣ ነፋሱ ወደ ሲያትል ዞረ። በ1993 ሱቭላኪ ሲመጣ የሜሎዲ ሜከሩ ሐያሲ አልበሙን ዳግመኛ ከመስማት በገንፎ በተሞላ የመታጠቢያ ገንዳ ታፍኖ መሞትን እንደሚመርጥ ጻፈ። (የነሱ ገንፎ ወደ አጥሚት የሚያደላ መሆኑ ይታወቅልኝ።) በ1995 ፒግማሊዮን የተባለው አልበማቸው በወጣ በሳምንቱ አሳታሚያቸው ክሪዬሽን አሰናበታቸው። ክሪዬሽን ያኔ ኦአሲስ የተባለውን ባንድ ይዟል፤ ቁልቁል ለሚያይ ሰው ጊዜ አልነበረውም።

ከዚያስ? ሳውንድስ ከነሱም ቀድሞ በ1991 ተዘግቶ ነበር። ሜሎዲ ሜከር በ2000 መጨረሻ ኤን ኤም ኢ ውስጥ ተጠቃለለ። ኤን ኤም ኢም በ2018 ሳምንታዊ የወረቀት እትሙን አቆመ። ስሎውዳይቭ በ2014 ተሰባስበው መድረክ ላይ ወጡ፣ በ2017 እና በ2023 አዳዲስ አልበም አሳተሙ።

«ያኔ የሙዚቃ ጋዜጠኛ ሥልጣን ነበረው» የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ። የምን ሥልጣን? በ1992 የኒውዮርክ ታይምስ ዘጋቢ ግራንጅ የሚባለው የሲያትል ሙዚቃ ወጣቶች በምን ቃል እንደሚግባቡ ለማወቅ ሜጋን ጃስፐር የምትባል የሙዚቃ ኩባንያ ሠራተኛ ጋ ደወለ። እሷ ከጭንቅላቷ እየፈጠረች ነገረችው፤ ጋዜጣው እንደ መዝገበ ቃላት ደርድሮ አተመው። ሥልጣን ማለት ይሄ ከሆነ ይቅርብን።

እስከዚህ ድረስ የተነሣሁት ጋዜጦቹን ልዘልፍ ነበር። ነገር ግን ያ የገንፎ ሰውዬ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ፍርዱ ግፍ ነው፤ ቢሆንም አልበሙን ሰምቶ፣ ምን እንደተሰማው በስሙ ፈርሞ ጻፈ። የዚህ ዓምድ የቆዩ አንባቢዎች ወዴት እያመራሁ እንደሆነ ገብቷቸዋል። የኛን የጥበብ ገጽ ግለጡ። «በጉጉት ሲጠበቅ የቆየው የተወዳጁ ድምፃዊ አልበም ለአድማጭ ደረሰ። 14 ዘፈኖችን ያካተተ ሲሆን ሁለት ዓመት ፈጅቷል። በግጥም እገሌ፣ በዜማ እገሌ፣ በቅንብር እገሌ ተሳትፈዋል።» አለቀ! አራተኛው ዘፈን ከሰባተኛው በምን እንደሚለይ፣ ክራሩ ለምን በኪቦርድ እንደተዋጠ የሚነግረን የለም። አንዱን አዘጋጅ ብጠይቀው «አርቲስቱ ይቀየመናል» አለኝ። ይቀየማ! ስሎውዳይቭም ተሰድበው አልሞቱም።

ያልጻፍነውን ሌላ ሰው ይጽፍልናል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ኢትዮፒክስ የተባሉትን ተከታታይ ዲስኮች በፓሪስ ማውጣት የጀመረው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ዛሬ ስለ ጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ማንበብ ለሚፈልግ ወጣት የምጠቁመው ከነዚያ ዲስኮች ጋር የሚመጣውን ጽሑፍ ነው። ሰውየውን አመሰግናለሁ፤ እኛን ግን አላመሰግንም።

እናም የጥበብ ገጽ አዘጋጆች፣ እባካችሁ በወር አንድ አልበም ምረጡ። ከድምፃዊው ጋር ማኪያቶ ያልጠጣ፣ ጆሮ ያለው አንድ ወጣት መድቡና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጦ ያመነበትን ይጻፍ። የሚቀየም ከመጣ ወደኔ ላኩት፤ ስድቡን ለምጄዋለሁ።