ወረርሽኝ ሲመጣ አዛዡ ማን ነው?

ኅዳር 12 በየዓመቱ ቆሻሻ ይቃጠላል። «ኅዳር ሲታጠን» በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ሰው የቀጠፈው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ኮሮና መጣ። ከእሱ የተረፈው ትምህርትስ የት አለ?

ነገሩን እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ትምህርት ቤቶች በቀናት ውስጥ ተዘጉ፤ ይህ ፍጥነት የሚካድ አይደለም። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም በየፊናው ሮጠ። ትግራይ መጋቢት 17 የራሱን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጀ። አማራ ክልል ባሕር ዳርን ጨምሮ ጥቂት ከተሞችን ለ14 ቀናት ዘጋ። ሌሎችም የሕዝብ ትራንስፖርት አገዱ። የፌዴራሉ አዋጅ የመጣው መጋቢት 30 ነው። እስከዚያ ድረስ መንገደኛው ክልል በተሻገረ ቁጥር ሕጉ ይለወጥበት ነበር።

ጥፋቱን በክልሎች ላይ መለጠፍ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ወረርሽኝ ሲከሰት ፌዴራሉም ክልሉም እንዲያውጁ ይፈቅዳል። ሁለቱ እንዴት እንደሚናበቡ ግን አይዘረዝርም።

«የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። አለ፤ ባለሙያዎቹም ሌት ተቀን ለፍተዋል። ነገር ግን ኢንስቲትዩት ይመረምራል፣ ንክኪ ያለውን ይከታተላል እንጂ ፖሊስን፣ ጉምሩክንና የክልል በጀትን አያዝም። ከሳዑዲ የተባረሩት ወገኖች በሺዎች ሲመጡ ማደሪያው የዩኒቨርሲቲ ዶርም ሆነ። የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ቢታገድ ሀገር ይራባል፤ ዝም ብሎ ቢለቀቅ በሽታው አብሮት ይጓዛል። ይህን መወሰን የሐኪም ሥራ አይደለም። የመንግሥት ነው።

ዋናው ኪሳራ ደግሞ እምነት ነው። መጋቢት 22 ምርጫ ቦርድ የነሐሴ 23ቱን ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ማካሄድ እንደማይችል አስታወቀ። ሰኔ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመንግሥትን ዕድሜ አራዘመ። ትግራይ ጳጉሜን 4 የራሱን ምርጫ አደረገ። ከሁለት ወር በኋላ የሆነውን ሁሉም ያውቃል። ጦርነቱን ወረርሽኙ አመጣው ማለት አይደለም። ነገር ግን በጭንቅ መሀል የሚበጅ ሕግ ገና ከጅምሩ የሥልጣን መሣሪያ ተደርጎ ይጠረጠራል። የተጠረጠረ መንግሥት ደግሞ «ማስክ አድርጉ» ቢልም የሚሰማው ያጣል።

ስለዚህ ሕጉ አሁን፣ በሰላሙ ቀን ይጻፍ። መንገድ የሚዘጋው ማን ነው? የለይቶ ማቆያውን ወጪ ማን ይከፍላል? የታማሚውን ቁጥር ለሕዝብ የሚናገረው ማን ነው? ምርጫ ከወረርሽኝ ጋር ቢገጣጠም ማን፣ በምን ድምፅ ይወስናል? ክልሎች ተደራድረው ያልፈረሙበት መልስ ደግሞ መልስ አይባልም።

ምክር ቤቱ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ለመመለስ ቀጣዩን በሽታ መጠበቅ የለበትም። በሽታው ከገባ በኋላ የሚጠራ ስብሰባ ቀብር ላይ እንደሚደረግ ሽምግልና ነው፤ ቢስማሙም ሟቹ አይነሣም።