በ3 ዓመት በጀት የ10 ዓመት ትግል አይመራም

ክረምት በገባ ቁጥር ከጎንደር ደጋማ ወረዳዎች፣ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከወገራ፣ ከጉልበቱ በቀር ሌላ ሀብት የሌለው ወጣት ወደ መተማ፣ ወደ አርማጭሆና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። የሰሊጡን ማሳ ያርማል፤ አዝመራው ሲደርስ ያጭዳል፤ ማሽላውን ይቆርጣል። ቀን በፀሐይ ሲነድ ውሎ ሌሊቱን በተሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ላይ፣ በግራር ሥር ያድራል። በዚያ አካባቢ የምትራባው የአሸዋ ዝንብ ስትነክሰው የካላዛርን ተውሳክ ታስተላልፍበታለች። ከወራት በኋላ ወደ ቀዬው ሲመለስ ትኩሳቱ አልለቅ ይለዋል፤ ጣፊያው ያብጣል፤ ሥጋው ይመነምናል። ሕክምና ካላገኘም ከ100 ሕሙማን መካከል ከ95 በላይ የሚሆኑት ለሞት ይዳረጋሉ።

ስለ ሕክምና ምርምር ገንዘብ ስንናገር የምንናገረው ስለዚህ ሠራተኛ ነው። በማራኪም ሆነ በሌላው የጎንደር ክፍለ ከተማ የሚኖር የነዋሪዎች ማኅበር አባል፣ በፋብሪካም ሆነ በመሥሪያ ቤት የተሠማራ ሠራተኛ፣ «ለምርምር ገንዘብ ማመልከት የሊቃውንት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ሊል ይችላል። ይህ አመለካከት የተሳሳተ መሆኑን በግልጽ መናገር ይገባናል። ምን እንደሚጠና፣ ለስንት ዓመት እንደሚጠናና በማን ገንዘብ እንደሚጠና የሚወስነው ማመልከቻ፣ በመጨረሻው ማን እንደሚድንና ማን እንደሚሞት ከሚወስኑት ሰነዶች አንዱ ነው።

ካላዛር የድሃ በሽታ ነው። ትርፍን ብቻ መለኪያው ያደረገ የመድኃኒት ገበያ፣ ኪሱ ባዶ ለሆነ ሕመምተኛ መድኃኒት አይፈልግም። በዚህም የተነሣ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ይታወቅ የነበረው ከአንቲሞኒ የሚሠራ መድኃኒት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ዋነኛው ተስፋ ሆኖ ኖረ። ሕመምተኛው 30 ቀን ሙሉ በየቀኑ ይወጋል፤ መድኃኒቱም ልብንና ቆሽትን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚፈልገው ዲ.ኤን.ዲ.አይ የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት ተመሠረተ። በዚያው ዓመት የአካባቢያችን ሀገሮች ተመራማሪዎች የተሰባሰቡበት የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማኒያሲስ መድረክ ተቋቋመ፤ በጎንደርና በአርባ ምንጭም የሕክምናና የምርምር ማዕከላት ተደራጁ። በነዚህ ማዕከላትና በጎረቤት ሀገሮች በተካሄደው ሙከራ ነባሩን መድኃኒት ፓሮሞማይሲን ከተባለው ጋር በማጣመር የ30 ቀኑ ሕክምና ወደ 17 ቀን ዝቅ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህንኑ ለምሥራቅ አፍሪካ መከረ።

13 ቀን ምን ያህል ነው? በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ትንሽ ሊመስል ይችላል። ለቀን ሠራተኛው ግን የ13 ቀን እንጀራ ነው፤ ለሆስፒታሉም በር ላይ ለሚጠብቀው ሌላ ሕመምተኛ የሚለቀቅ አልጋ ነው። በዚህ ብቻም አልቆመም። በጎንደርና በአብደራፊ ከተካሄደው ጥናት የተገኘው ማስረጃ ካላዛርና ኤች.አይ.ቪ. በአንድነት ለያዟቸው ሕሙማን እ.ኤ.አ. በ2022 ለወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ሆኗል። እንግዲህ ጎንደር ከዓለም እውቀት የምትለምን ብቻ ሳትሆን ለዓለም እውቀት የምትሰጥ ከተማ መሆኗ በተግባር ተረጋግጧል።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? ችግሩ የጊዜ ስሌት ነው። ከ2003 እስከ 2010 ያሉት 7 ዓመታት ያለፉት ቀድሞ የሚታወቁ ሁለት መድኃኒቶችን ለማጣመር ነው። ፍጹም አዲስ መድኃኒት ፈልጎ ለሕመምተኛ ማድረስ ደግሞ በአብዛኛው ከ10 ዓመት በላይ ይፈጃል። የምርምር ድጋፍ ግን በብዛት የሚፈቀደው ከ3 እስከ 5 ለሚደርሱ ዓመታት ነው። የመጀመሪያው ጊዜ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ በዕቃ ግዥና በባለሙያ ሥልጠና ያልቃል፤ የመጨረሻው ጊዜ ደግሞ ዘገባ በመጻፍና ሌላ ገንዘብ በማመልከት ያልፋል። ለእውነተኛው ሥራ የሚተርፈው መካከለኛው ብቻ ነው። ገንዘቡ ሲቆም የሠለጠነችው ነርስ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያና መረጃ ያዡ ይበተናሉ፤ አዲስ ድጋፍ ሲገኝ ሁሉም ነገር ከሀ ይጀመራል።

ከዚህም የከፋ አለ። የሌላው ገንዘብ የሚታዘዘው በሌላው ፖለቲካ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 የውጭ ርዳታውን ከብሔራዊ ገቢው 0.7 በመቶ ወደ 0.5 በመቶ ሲቀንስ፣ ችላ የተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎችን በመዋጋት ረገድ አፍሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረው አሴንድ የተባለ ፕሮግራም ካለ ጊዜው ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን አገደ፤ በሐምሌ ወር መግቢያም ዩ.ኤስ.ኤይድ ራሱን የቻለ ድርጅት መሆኑ አበቃ። እነዚህን ውሳኔዎች ያሳለፉት ሰዎች የመተማን ሠራተኛ ለመጉዳት አስበው ላይሆን ይችላል። ጭራሽ አላሰቡትም። ጥገኝነት ማለትም ይኸው ነው፤ ዕጣህን የሚወስነው ሰው ስምህን እንኳ አያውቀውም።

ታሪካችን በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህ ተነሥተው እንዶድ የብልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እውቀቱ የኛ፣ ተክሉም የኛ ነበር። ይሁንና የኛው ላቦራቶሪ ያረጋገጠው በውጭ ላቦራቶሪ እንደገና ካልተመረመረ ተቀባይነት አላገኘም፤ ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ፍለጋም ረጅም ዓመታት ባከኑ። በአንጻሩ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ለዐሥርት ዓመታት ያልተቋረጠ መሠረታዊ ድጋፍ በማግኘቱ፣ መንግሥታት ሲለዋወጡ ሳይፈርስ እ.ኤ.አ. በ2004 ወደ ኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሊዛወር ችሏል።

የጎንደር የራሷ ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በተከታዩ ዓመት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እዚሁ ተቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ የሕክምና ፋኩልቲው በላይፕዚግ ከነበረው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተመሠረተ። የዚያ ትብብር ባለቤት የነበረችው ምሥራቅ ጀርመን በ1990 ከዓለም ካርታ ጠፋች። ያስተማረቻቸው ሐኪሞች ግን ሕዝቡን ሲያክሙና ተተኪዎችን ሲያስተምሩ ቀሩ። ለሰውና ለተቋም የዋለ ገንዘብ ከሰጪው ዕድሜ በላይ ይኖራል፤ ለዘገባ ማሟያ የዋለ ገንዘብ ግን ከዘገባው ጋር ይቀበራል።

ከዚህ በመነሣት አቋማችን ግልጽ ነው። የውጭ ድጋፍ አይጠየቅ አንልም፤ ይጠየቅ። ነገር ግን ማመልከቻው ከራሳችን ሕመምተኛ የተነሣ ጥያቄ ይዞ ይቅረብ እንጂ የሰጪውን ፍላጎት እየገመተ አይጻፍ። ለ3 ዓመት ጥናት ሳይሆን በየጊዜው እየተገመገመ ለ10 ዓመት ለሚዘልቅ ተቋማዊ ሥራ ይጠየቅ፤ የነርሷ ደመወዝ፣ የማቀዝቀዣው ጥገናና የመብራቱ ክፍያ ጭምር በግልጽ ይጻፍበት። ከሁሉም በላይ የራሳችንን ድርሻ አስቀድመን በጠረጴዛው ላይ እናስቀምጥ። የአፍሪካ መሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ለምርምር የብሔራዊ ምርታቸውን 1 በመቶ ለመመደብ ግብ አስቀምጠዋል፤ እኛ ከዚህ ግብ በእጅጉ ርቀን እንገኛለን።

«አቅም የለንም» የሚለውን ምክንያት ሰፊው ሕዝብ በተግባር አፍርሶታል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ ከ14 ዓመት በላይ ተቆጥሮ ነበር። ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ከትርፉ፣ አርሶ አደሩ ከአዝመራው ቦንድ ገዝቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ አንድን ሥራ ለ14 ዓመት ሳያቋርጥ የደገፈ ሕዝብ ቋሚ የምርምር ፈንድ መያዝ አይሳነውም። ግድብ ከሩቅ ይታያል፤ የዳነ ሠራተኛ ግን ሰልፍ አይወጣለትም። ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

ሂስ ካለ ግለ ሂስም ሊኖር ይገባል። የተፈቀደ ገንዘብ በግዥ ቢሮክራሲ ታንቆ ሳይሠራበት ጊዜው የሚያልፍበት አጋጣሚ አለ። ሒሳብ በወቅቱ ባለመዘጋቱ ቀጣዩ ክፍያ ይታገዳል። የምርምርን ውጤት ለማዕረግ ዕድገት ብቻ የሚቆጥር፣ ጽሑፉን በባዕድ ቋንቋ አሳትሞ ደሙን ለሰጠው ገበሬ አንዲት ቃል የማይመልስ ተመራማሪም አልታጣም። ይህ ሁሉ የራሳችን ድክመት ነውና በባዕዳን ልናላክከው አንችልም። የረጅም ጊዜ አደራ የሚጠይቅ ሁሉ የረጅም ጊዜ ተጠያቂነትን መሸከም አለበት።

የነዋሪዎች ማኅበራት፣ ዕድሮችና የሠራተኛ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ከቆላ ተመልሶ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ወጣት «ወባ ነው፣ ይተወዋል» ብለው ቤት ውስጥ አያስተኙት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ያድርሱት። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የታየው ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ ተብሎ በመታለፉ ብዙ ሕይወት መጥፋቱን አንርሳ። ጥናት በአካባቢያቸው ሲካሄድም ዓላማው በአማርኛ እንዲነገራቸው፣ ሲያበቃም ውጤቱ እንዲገለጽላቸው ይጠይቁ። የሕዝብ ገንዘብ ለምርምር እንዲመደብም በየምክር ቤቱ ድምፃቸውን ያሰሙ። የሚጠይቅ ሕዝብ ያለው ተመራማሪ በማንኛውም ገንዘብ ሰጪ ፊት አንገቱን አይደፋም።

የአሸዋ ዝንቧ የበጀት ዓመት አታውቅም፤ ፕሮጀክት አለቀ ብላም መንከሷን አትተውም። በመጪው ክረምትም ወጣቱ ከደጋው ወደ ቆላው መውረዱ አይቀርም። ሲመለስ የሚጠብቀው ማዕከል በሩ ክፍት፣ ባለሙያው በቦታው፣ መድኃኒቱም በመደርደሪያው ላይ እንዲገኝ ማድረግ የማንም ችሮታ ሳይሆን የሁላችንም ግዴታ ነው።