ከወለል ስር ስለሚመጣው ውሃ፦ ለሀዋሳ ወገኖቼ

ሐሳቤ እናቴ ጓዳ ውስጥ ነው። ባለፈው ስደውል፣ «ዝናቡ ካባራ ሳምንት አለፈው፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ግን አሁንም እየሞላ ነው» አለችኝ። ጣሪያው አያፈስም፤ በበር የገባ ጎርፍም የለም። የጤፉ ጆንያ ግን ከስሩ ሻግቷል። ጎረቤት ቧንቧ ፈንድቶ ነው ብሎ ቢቆፍር ቧንቧው ደህና ሆኖ ተገኘ። ውሃው የመጣው ከምድር ነው።

ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ ውሃው የሚወጣበት መንገድ ግን መትነንና መስረግ ብቻ ነው። እናም ሐይቁ ከፍ ሲል በዳሩ አፈር ውስጥ ያለው ውሃ መሄጃ ያጣና አብሮት ይነሳል። በ1990 የወረደው ከባድ ዝናብ ሐይቁን እንዴት እንዳሳበጠው ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር የምንንሸራሸርበት ግድብ ማዕበል ይመልስ ይሆናል፣ በስሩ የሚሰርገውን ግን አይመልስም።

ከምድር የሚነሳ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ሰው ይንቀዋል። በ1950ዎቹ 3 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የመተሐራው የበሰቃ ሐይቅ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኖ መንገዱንና ሐዲዱን አስጨንቋል። እኔ ባለሁበት በደቡብ እንግሊዝም ምድሩ ጠመኔ ድንጋይ ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የላምቦርን ሸለቆ ሰዎች በር ላይ አሸዋ ያለበት ከረጢት ቢደረድሩም ውሃው በወለል በኩል መጣባቸው። እዚህ ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ሰማይ ታይቶ ብቻ አይደለም፤ የጉድጓድ ውሃ ከፍታ ተለክቶም ነው።

ይህን እናንተም ትችላላችሁ። በየሰፈሩ አንድ የማይቀዳበት ጉድጓድ ምረጡ። ገመድ ላይ በየግማሽ ሜትሩ ቋጠሮ አድርጋችሁ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስራችሁ፣ ከግንቦት እስከ ኅዳር በየሳምንቱ አንድ ልጅ ለክቶ ደብተር ላይ ይጻፍ። ደብተሩ ወደ ቀበሌም ወደ ዩኒቨርሲቲም ይሂድ። ውሃው መነሳት ከጀመረ እህሉን ቆጥ ላይ አውጡ፤ የጉድጓድ ውሃ አትጠጡ፣ ከሽንት ቤቱ ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላልና። አዲስ ሽንት ቤት የሚሠራም ወደ ታች ከመቆፈር ይልቅ ከመሬት ከፍ አድርጎ ይሥራው።

የእኛም ጥፋት አለበት። ውጭ ያለነው ለሴራሚክና ለቀለም ገንዘብ እንልካለን፤ የቤቱ መሠረት ስንት ጋት ከፍ አለ ብለን አንጠይቅም። እኔም አልጠየቅሁም ነበር።

ባለፈው እሁድ የጎረቤት ልጅ የእናቴን የውሃ ጉድጓድ ለካልን፦ ከአፉ እስከ ውሃው 1 ሜትር ከ20። የእናንተ ስንት ነው?