የምንገዛው ሰዓቱን ነው ወይስ ስሙን?

ስለ ምግብ አዳራሹና ስለ መጻሕፍት ቤቱ በዚህ ገጽ ብዙ ስለ ተባለ ዛሬ ከነዚያ ያነሰ የሚመስል ነገር እናነሣለን፤ ይኸውም ተማሪ በመጠነኛ ገንዘብ ምን ዐይነት የእጅ ሰዓት ቢገዛ ይሻለዋል የሚለው ነው። ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ወላጆቹ ከእህል ሽያጭ ቀንሰው የላኩለትን ገንዘብ በአንድ ቀን ለወርቅ ቅብ ሰዓት አስረክቦ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ቅቡ የተላጠበትና እጁ አረንጓዴ የሆነበት ወንድም በየማደሪያው አለ።

ስልክ እያለ ሰዓት ለምኔ የሚሉም አሉ። መልሳችን አጭር ነው፤ ስልክ ወደ ፈተና አዳራሽ አይገባም። ከስልክ ጋር የሚነጋገረውም አዲሱ ሰዓት አብሮ በር ላይ ይቀራል። በአዳራሹ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ቆሞ እንደ ሆነ፣ ተማሪው ፈታኙን እየደጋገመ ከመጠየቅና ከመገላመጥ በቀር መላ የለውም።

እንግዲህ ወደ ገበያው እንሂድ። በእጅ የሚሞላውና በእንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላው ሰዓት ውበት እንዳለው አንክድም፤ ዳሩ ግን ርካሹ በቀን ሃያ ሴኮንድ ያህል ቢቀድም ወይም ቢዘገይ እንደ ነውር አይቈጠርበትም፣ በየጥቂት ዓመቱም ተፈትቶ ካልታጠበና ዘይት ካልተቀባ ይደክማል። ሴይኮ የተባለው የጃፓን ፋብሪካ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ለገበያ ካወጣ ወዲህ ግን ትክክለኛነት የሀብታም ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ዛሬ በተለመደው ሰዓት ውስጥ ያለችው የኳርትዝ ስንጣሪ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች፤ ስለዚህ ርካሹ እንኳ የሚሳሳተው በወር ሃያ ሴኮንድ ያህል ነው። ገንዘቡ ጠበብ ላለበት ተማሪ ካሲዮ በ1989 ያወጣት ኤፍ-91 ደብልዩ የምትባለው ባለ ላስቲኳ ሰዓት ትበቃዋለች እንላለን፤ ባትሪዋ ሰባት ዓመት ያህል ትቈያለች። ላስቲክ ማሰር ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ክብር አይመጥንም የሚል ቢኖር፣ ክብሩን ከእጁ አንጓ ላይ ለምን እንዳስቀመጠው ይንገረን። እርሷንም ቢሆን አስመስለው የሚሠሩ ስላሉ ከታመነ ሱቅ መግዛት ነው።

ጨመር አድርጎ መክፈል የሚችል የብረት ኳርትዝ ይግዛ፤ ነገር ግን ፊቱን ብቻ አይቶ ሳይሆን ገልብጦ ጀርባውን አንብቦ ነው። «ስቴንለስ ስቲል ባክ» የሚለው ጽሕፈት የማይዝገው ጀርባው ብቻ መሆኑን ሲናገር፣ ሻጩ ግን ሰዓቱ በሙሉ እንደዚያ ነው ይላል። ቀሪው አካል አብዛኛውን ጊዜ ቅብ የለበሰ ተራ ብረት ነው፤ የሚላጠውም እርሱ ነው። «ጃፓን ሙቭመንት» ማለትም ሞተሩ ከጃፓን ነው ማለት እንጂ ሰዓቱ ጃፓን ተሠራ ማለት አይደለም። በተማሪ ዋጋ የሚሸጥ ሮሌክስ ደግሞ ሮሌክስ አይደለም፤ በዚህ ላይ ቃል አናባክንም።

«30 ሜትር» የሚለውን አንብቦ ለመዋኘት የሚገባም ተታሏል። ያ ቍጥር ዝናብንና የእጅ መታጠቢያን ይችላል ለማለት ነው፤ ለመዋኘት ቢያንስ 50፣ ይልቁንም 100 የሚል መፈለግ ይገባል። ባትሪ በተለወጠ ጊዜም ውኃ የሚከለክለው የጎማ ቀለበት በቦታው መመለሱን ሰዓት ሠሪውን መጠየቅ ነው። የሞተውን ባትሪ ውስጡ ትቶ ሰዓቱን በሣጥን ማስቀመጥ ግን ሰዓቱን መግደል ነው፤ ባትሪው ሊያፈስና ሞተሩን ሊበላው ይችላል። ማሰሪያውም በየሱቁ የሚገኘው ባለ 18፣ ባለ 20 ወይም ባለ 22 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ ፋብሪካ በቀር የማይገኝለት ማሰሪያ የተበጠሰ ቀን ሰዓቱም አብሮ ይቀራል።

ቀን ቈጣሪ ያለበት ሰዓት ለአገራችን ሰው የራሱ ጣጣ አለው። ቈጣሪው እስከ 31 ይሄዳልና፣ በአውሮጳ አቈጣጠር የሚሄድ ሰው በዓመት አምስት ጊዜ ሲያስተካክለው፣ እኛ ዐሥራ ሁለት ባለ 30 ቀን ወሮችና ጳጉሜን ስላሉን ዐሥራ ሦስት ጊዜ ማስተካከል አለብን። በኛ ሰዓት ሲሞላ ግን አንድ ደግ ነገር አለው፤ ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት ሳይሆን በንጋቱ 12 ሰዓት ይሆናል። በምሽቱ 12 ከተለወጠ ጠቋሚዎቹን አንድ ዙር ማዞር ነው።

ይህን ሁሉ ብለን ርካሹንም መግዛት የማይችሉ ጓደኞች መኖራቸውን እናውቃለን። ማኅበራችን ከፈተናው ሳምንት በፊት በየአዳራሹ ዞሮ የቆሙትን የግድግዳ ሰዓቶች ቢቈጥርና ለያንዳንዳቸው አንድ አንድ ባትሪ ቢገዛ ወጪው ከአንድ የሻይ ግብዣ አይበልጥም። የሚዞር ሰው ከጠፋ እኛ እንዞራለን፤ መሰላሉን ብቻ ያውሱን።