ግጥሙን የበላው ስኔር

አንድ ነገር ልናገርና ከድራመር ወዳጆቼ ጋር ልጣላ። በአዲስ አበባ የምሽት ቤቶችና የሆቴል መድረኮች ዘፈን የሚያበላሸው ሳውንድማኑ ነው እያልን ስናማው ኖረናል። ኪቦርዲስቱንም አንዳንዴ እንጨምራለን። አጥፊዎቹ ግን በአብዛኛው እኛው ነን፤ በሁለት ጉልበታችን መሀል የምናስቀምጠው፣ ሲመታ እንደ ጥይት የሚጮኸው ያ የብረት ስኔር ነው።

ከዳር ቆሜ አይደለም የምናገረው። ለዓመታት እኔም ያንኑ ስደበድብ ነው የኖርኩት፤ የግራ ጆሮዬ ማታ ማታ ሲጮህ የሚያድረው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ስልሳ ሰው በማይሞላ ቤት ከአንድ ማሲንቆ ተጫዋች ጋር እንድሠራ ተጠራሁ። ወለሉ ሴራሚክ፣ የግድግዳው ግማሽ መስታወት ነው። ሰውዬው በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። የእሳቸው ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የገባውን እንግዳ አይተው፣ ስሙንና የመጣበትን ጠይቀው፣ እዚያው ግጥም ይገጥሙለታል። ጠረጴዛው ወርቁ ሲገባው ይስቃል፤ የተነካው ሰው ተነስቶ ግንባራቸው ላይ ብር ይለጥፋል። ኑሯቸው ይኸው ነው።

ያን ማታ ማንም አልሳቀም። ብርም የለጠፈ የለም። እኔ ችክችካውን ይዤ ላቤ ጠብ እስኪል እመታለሁ፤ ሰው ያጨበጭባል፤ ምሽቱ የሰመረ መስሎኛል። ለዕረፍት ስንወርድ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ልጄ፣ እጅህ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ዛሬ ምን እንዳልኩ የሰማ ሰው የለም» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩን ቤቴ ገብቼ ሳስበው ከጩኸት በላይ ሆኖ አገኘሁት። አማርኛ በመጥበቅና በመላላት ነው የሚኖረው። ገና ሲላላ «እስካሁን» ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ሰፊ ሲላላ ልብስ ይሰፋል፤ ሲጠብቅ ሜዳ ይሆናል። ዋና ሲላላ ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሲጠብቅ አለቃ ነው። ሰምና ወርቅ ብለን የምንኮራበት ነገር ብዙ ጊዜ የተንጠለጠለው በዚህች ቅንጣት ላይ ነው። የጠበቀው ፊደል ከላላው የሚለየው ደግሞ በርዝመት ነው፤ ያውም በሰከንድ ክፍልፋይ። በዚያች ቅጽበት ስኔሩ ተመትቶ ከመስታወቱ ጋር ካስተጋባ ሰሙም ወርቁም አብረው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ሥጋዊው ምክንያት ይምጣ። ከስኔሩ ሆድ ሥር የተዘረጋው ሽቦ የሚያወጣው ሽሽታ የሰው ንግግር ተነባቢዎች ተለይተው በሚሰሙበት ቦታ፣ በአብዛኛው ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው አካባቢ፣ ገብቶ ይቀመጣል። ማሲንቆም ቢሆን አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ነው፤ ከዚህ ጋር ጉልበት ሊፈትሽ አይችልም። ስኔሩ ሲጮህ ጊታሪስቱ አምፕሊፋየሩን ይጨምራል። ጊታሩ ሲጨምር ዘፋኟ ራሷን መስማት ያቅታትና ሞኒተሯን አስጨምሪያለሁ ትላለች። ሞኒተሩ ሲጨምር ማይኩ ያፏጫል። ከዚያ ሁላችንም ዞረን ሳውንድማኑን እናፈጥበታለን።

ምስኪኑ ምን ያድርግ? ዝግ ያለ ድራም በማይክ ከፍ ማድረግ ይችላል፤ የሚጮኸውን ዝቅ ማድረግ ግን አይችልም። የስኔሩን ማይክ ጨርሶ ቢዘጋው እንኳ በዘፋኟ ማይክ ገብቶ ይወጣል። ስለዚህ የአንድ ትንሽ ቤት ድምፅ የሚወሰነው ከሚክሰሩ በፊት፣ ድራመሩ ከቤቱ ይዞት በመጣው ዕቃ ነው። ይህችን ነገር የሚክድ ካለ በስም ይምጣና እንከራከር።

«ታዲያ እጅህን ቀንሰህ አትመታም?» የሚለኝ ብዙ ነው። ሞክሬዋለሁ። እስከ ጥግ የተወጠረ ብረት በቀስታ ሲነካ ድምፁ ይቀጥናል፤ ቆርቆሮ ይሆናል። እጅም ቢሆን ቃሉን የሚጠብቀው እስከ ሦስተኛው ዘፈን ድረስ ነው፤ ሰው ተነስቶ እስክስታ ሲወርድ ማን ያስታውሰዋል! ዕቃው ራሱ ዝግ ያለ ሲሆን ግን ከልብህ መትተህም ቤቱን አታፈርስም።

እንግዲህ ምን ዓይነት? እኔ የያዝኩት የእንጨት ቀፎ ያለው ነው፤ ስፋቱ እንደተለመደው 14 ኢንች። ሜፕል ወይም ማሆጋኒ ከብራስና ከአሉሚኒየም ይልቅ ሹል ድምፁን ዋጥ አድርጎ ሆዱን ያሰማል። ሻጮች ስለ እንጨቱ ብዙ ይሰብካሉ፤ ስለ ቀፎው ጠርዝ ግን አይነግሯችሁም። ቆዳው የሚያርፍበት ጠርዝ እንደ ቢላ ከተሳለ ድምፁ ክፍትና ረጅም ነው፤ ክብ ከሆነ ቆዳውን ሰፋ አድርጎ ስለሚይዘው ድምፁ ያጥራል፣ ይሞቃል። ስትገዙ ቆዳውን አስፈትታችሁ ጠርዙን በጣታችሁ ዳብሱት። ባለሱቁ ይነጫነጭ፤ ግድ የለም።

ገንዘብ የሌለው ደግሞ (ማን አለው?) ያለውን ስኔር ይዞ መጀመር ይችላል። ነጭ ሽፋን ያለው፣ ሁለት ድርብ የሆነ ቆዳ ይግጠም። 20 መስመር ያለውን ሽቦ በ12 ወይም በ16 ይለውጥ። ቀጠን ያለ ስቲክ ይያዝ፤ ትዝታ ሲመጣ ብረሽ ያውጣ። ከሁሉ በፊት ግን ቁልፉን ይዞ የላይኛውን ቆዳ ያላላ። በገና የሚደረድር ሰው ሳይቃኝ አይቀመጥም፤ እኛ ግን ድራም እንደሚቃኝ የረሳን እንመስላለን፤ ስናጠብቅ ብቻ እንውላለን። ይህ ሁሉ ካልሆነ የታጠፈ መሀረብ ቆዳው ጠርዝ ላይ ጣል ማድረግ ነው። ነፃ ነው።

ይህ የማጥበቅ አባዜ የድራም ተፈጥሮ አይደለም። ድሮ የጥጃ ቆዳ ነበር፤ አየሩ ሲረጥብ የሚረግብ፣ ሲደርቅ የሚወጠር። ሬሞ ቤሊ በሎስ አንጀለስ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ካቋቋመ ወዲህ የፕላስቲክ ቆዳ ዓለምን አዳረሰ፤ ፕላስቲክ የፈለጉትን ያህል ቢወጥሩት ይችላል። በእኛም አገር አምሃ እሸቴ ከእ.ኤ.አ. 1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ሸክላዎች አድምጡ። ድራሙ ከኋላ ደረቅ፣ አጭር ሆኖ ይመታል፤ ድምፃዊው ፊት ነው። እርግጥ የማይክ እጥረትም ነበር፤ ሁሉንም ጥበብ ነው አልልም። ግን ቃሉ ይሰማል።

የቤት ባለቤቶች መልስ ደግሞ «ሕዝቡ ጩኸት ይወዳል» ነው። ሕዝቡን ማን ጠየቀው? የማየው ሕዝብ ወዳጁን ለማናገር ጆሮው ውስጥ ሲጮህ፣ ከዚያም በረንዳ ላይ ወጥቶ ሲያወራ ነው። ሜዳ ላይ፣ ስታዲየም ውስጥ ብረቱን ይዛችሁ ግቡ፤ እሱን አልቃወምም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ለመዝናኛ ቤቶች ያወጣው መመዘኛ ግን በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል አይለፍ ይላል። በኃይል የተመታ ስኔር ድራመሩ ጆሮ ላይ ለቅጽበት ከ110 በላይ ይደርሳል። እኛ በሳምንት አምስት ማታ፣ ማታውን አራት ሰዓት እንቀመጥበታለን። አስተናጋጆቹም አብረውን፤ እነሱን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ወደ ማሲንቆው ሰው ልመለስ። ከወር በኋላ እዚያው ቤት ተገናኘን። እንጨቱን ይዤ፣ ቆዳውን አላልቼ፣ ብረሽ በእጄ። ከመሀል ጠረጴዛ አንድ ወፍራም ሰውዬ ነበር፤ ስለ ሆዱ ይሁን ስለ ሆደ ሰፊነቱ ያልለየ አንድ ነገር ገጠሙለት። መጀመሪያ ሚስቱ ሳቀች፤ ከዚያ ጠረጴዛው፤ ከዚያ እሱ ራሱ ተነስቶ ብር ለጠፈ። እኔም ሳቄ መጥቶ ምቱን ስቼ ነበር። ሰውዬው ዞር ብለው አዩኝ፤ ምንም አላሉም።

የብረቱን ስኔር ሸጥኩት። የገዛኝ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። ደውሎ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጋሼ፣ ይጮኻል?» አዎ አልኩት። ዋጋ ሳይከራከር ወሰደው። አሁን ከእኛ ቤት ሁለት በር አልፎ ይሠራል፤ ዕረፍት ስንወጣ እንሰማዋለን።