8 ቦታ ለ231 ፊደል

«ጋዜጠኛን ከሽቦ ጋር ምን አገናኘው?» ይህን ጥያቄ ሰሞኑን ከክፍል ጓደኞቼ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ምህንድስና ከሚማር አብሮ አደጌ ጋር በብሬድቦርድ ላይ ኮምፒዩተር ስንገጣጥም ስላዩኝ ነው። መልሴ አጭር ነው፤ ጉዳዩ የፊደል ጉዳይ ነው። ፊደል ደግሞ የእኛ እንጀራ ነው።

ለማያውቀው ላስረዳ። ብሬድቦርድ ማለት ያለ ብየዳ ሽቦና ቺፕ እየሰኩ የሚሞክሩበት፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። እዚህ ላይ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውንና በአፕል 2 ኮምፒዩተር ውስጥ ያገለገለውን 6502 ማይክሮፕሮሰሰር ሰክቶ የሚሠራ ኮምፒዩተር ማቆም ይቻላል። አሜሪካዊው ቤን ኢተር እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አሠራሩን ደረጃ በደረጃ በቪዲዮ አሳይቷል፤ እኛም የተከተልነው እሱን ነው። ኮምፒዩተሩ ለሰው የሚናገረው በሁለት መስመር 32 ፊደል በምታሳይ አነስተኛ ኤልሲዲ ነው። ይህቺን ማሳያ የሚመራው የሂታቺ ኩባንያ ኤችዲ44780 ቺፕ ወይም አምሳያው ነው።

ማሳያዋ በ8 ሽቦ ቁጥር ትቀበላለች፤ በ3 ሽቦ ደግሞ ትታዘዛለች። ከሦስቱ አንዱ የመጣው ቁጥር ትእዛዝ ነው ወይስ ፊደል የሚለውን ይለያል፤ ሁለተኛው መጻፍን ከማንበብ ይለያል፤ ሦስተኛው «በል አሁን ውሰድ» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው። እዚህ ላይ ግን ትልቅ ቁም ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ ፊደል የሚባል ነገር አያውቅም። 65 ቁጥርን ይልካል፤ ማሳያዋ በውስጧ ያለውን ሠንጠረዥ አይታ የላቲኑን የመጀመሪያ ፊደል ትስላለች። ሠንጠረዡ ፋብሪካ ውስጥ ተቀርጾ ያለቀ ነው። አንዱ ዓይነት የላቲንና የጃፓን ካታካና ፊደላትን ይዟል፤ ሌላው ለአውሮፓ ቋንቋዎች የተዘጋጀ ነው። ግዕዝ በሁለቱም የለም።

ለሌላው ሰው የተተወለት 8 ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ፈልጎ የሚስለው ፊደል ካለ በነዚያ ስምንቱ ይብቃቃ ማለት ነው። እስቲ እንቁጠር። «አዲስ አበባ» የሚለው 5 የተለያዩ ፊደላት ስላሉት ይገባል። «ሰላም ለኢትዮጵያ» ለማለት ግን 9 ያስፈልጋል፤ ዘጠነኛውን ለመሳል ከስምንቱ አንዱን መደምሰስ ግድ ነው፤ የተደመሰሰው ደግሞ ስክሪኑ ላይ እንዳለ መልኩን ይለውጣል። ከሀ እስከ ፐ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር 231 ፊደል አለን። ቢገባ እንኳን ቦታው ጠባብ ነው። አንዱ ፊደል የሚያገኘው 5 ነጥብ ወርድና 8 ነጥብ ቁመት ነው። የ«ሐ» ሦስት እግሮችና በመካከላቸው ያሉት ሁለት ክፍተቶች አምስቱን ይጨርሱታል። ታዲያ የ«ሑ» ቅጥያ የት ይቀመጥ? ስምንቱ ቦታ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው «ሰላም»ን በላቲን ፊደል ጽፎ ይገላገላል። እኔ ይህን አልቀበልም። አብሮ አደጌ «መሣሪያውን የሚነካ ሰው እንግሊዝኛ አያቅተውም» ይለኛል። እውነት ለመናገር፣ ይህ ለላቦራቶሪ ይሠራል። ነገር ግን የመስኖ ፓምፕ የሚጠብቅ ገበሬ ወይም ወፍጮ ቤት የሚሠራ ሰው «ውሃ አልቋል፣ አጥፋው» የሚለውን መልእክት በማያነበው ፊደል ቢያየው መልእክቱ ደረሰ ይባላል? እኛ ክፍል ውስጥ ስንማር የከረምነው እኮ አንባቢ ያልተረዳው ዜና ዜና እንዳልሆነ ነው። በሁለት መስመር ስክሪን ላይ ሲሆን ሕጉ የሚሻርበት ምክንያት አይታየኝም።

«ቦታ የለም» የሚለውም ሰበብ በስሌት ይፈርሳል። 128 በ64 ነጥብ የሆነ ግራፊክ ማሳያ እንውሰድ። ለአንዱ ፊደል 16 በ16 ነጥብ ብንሰጠው በአንድ መስመር 8፣ በአራት መስመር 32 ፊደል ይይዛል፤ ያው እንደ ትንሿ ማሳያ ማለት ነው። አንዱ ፊደል 32 ባይት ይፈጃል፤ 231 ፊደል በጠቅላላው 7,392 ባይት ነው። ሰሌዳችን ላይ ያለው የማስታወሻ ቺፕ 32 ኪሎባይት ስለሚይዝ ፊደላችን በሙሉ ሩቡን እንኳን አይሞላም። በእርግጥ ሥራው ይበዛል፤ ቀድሞ በአንድ ባይት የሚላክ ፊደል አሁን 32 ባይት ይጠይቃል፣ ፕሮግራሙም ይረዝማል። ይሁንና የሚበዛ ሥራና የማይቻል ሥራ አንድ አይደሉም።

ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በስልካችን እንደ ልባችን እንጽፍበታለን። በትንንሾቹ መሣሪያዎች ዘንድ ግን ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ሠንጠረዡን የሚያዘጋጅ ሰው እስካልተገኘ ድረስ ቁጥሩ ብቻውን ፊደል አይሆንም። ጂኤንዩ ዩኒፎንት የሚባለው ነፃ የፊደል ስብስብ ግዕዝን በ16 ነጥብ ቁመት ስላካተተ ከዜሮ መጀመርም አያስፈልግም።

ስለዚህ ለትምህርት ክፍላችን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከምህንድስና ተማሪዎች ጋር ተቀምጠን ለትንንሽ ማሳያዎች የሚሆን አንድ የፊደል ሠንጠረዥ እናዘጋጅ፤ ማንም ተማሪ ለፕሮጀክቱ በነፃ ይውሰደው። እነሱ ሽቦውንና ፕሮግራሙን ይያዙ። እኛ ደግሞ «ጸ» ከ«ጰ»፣ «ሀ» ከ«ሁ» በነጥብ ተስለው ሲታዩ ለዓይን ይለያሉ ወይ የሚለውን እንፈትሽ፤ ይህ የአራሚ ሥራ ነው፣ አራሚዎቹም እኛው ነን። የማንን ፊደል ማሳየት እንደሚገባ ፋብሪካ ውስጥ ያለ ሰው ከወሰነልን ብዙ ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ እስቲ እኛ እንወስን።